ሆስፒታሉንና ኢንሹራንሱን ልናስታርቅ የሄድን ዕለት

ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ድረስ አርባ ሁለት ባልና ሚስት አስታርቄአለሁ። ጋሽ ኣንደማርያም "ሦስት ናቸው፤ ከሦስቱም አንዱ ተመልሶ ተፋቷል" ይላሉ። እሳቸው የሚቆጥሩት በዓይናቸው ያዩትን ብቻ ነው። እኔ በስልክ ያስታረቅኳቸውን፣ ኤርፖርት ሳደርስ በቫኔ የኋላ ወንበር ላይ ያስታረቅኳቸውን፣ ሊጣሉ ተነስተው የእኔን መምጣት ፈርተው የተዉትንም እቆጥራለሁ። ስለዚህ ሆስፒታልና ኢንሹራንስ ተጣሉ በተባለ ጊዜ መጀመሪያ እኔ ጋ መደወሉ ማንንም ሊገርም አይገባም።

የደወሉት እትዬ ዘነቡ ናቸው። ኦክላንድ ውስጥ፣ ከእኔ አፓርትመንት በታች ባለው ብቻቸውን ይኖራሉ። ኤመሪቪል አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላና ፎጣ ሲያጥፉ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ እስከ ዛሬ ያጠፉት አንሶላ ቢዘረጋ ቤይ ብሪጅ የሚሉትን ረጅም ድልድይ ሁለቴ ያለብሳል። ካለፈው ኦክቶበር ወዲህ ግን የሕመም ፈቃድ ላይ ናቸው። የልባቸው አንዱ ቫልቭ በደንብ አልዘጋ ብሎ፣ ሰባት እርምጃ ሄደው ይቆማሉ። ይኼ ሰባት የእኔ ሰባት አይደለም፤ እውነተኛ ሰባት ነው። ከፖስታ ሳጥኑ እስከ በራቸው ሦስት ጊዜ ሲቆሙ አይቻለሁ።

ቀዶ ሕክምናቸው ለማርች አስራ ዘጠኝ ተቀጥሮ ነበር። ኢንሹራንሱም አስቀድሞ ፈቅዷል። ሐኪማቸው በመመርመሪያው አልጋ ላይ በሚነጠፈው ወረቀት ላይ ልባቸውን ስሎ፣ የቱን እንደሚጠግን አሳይቷቸዋል፤ እሳቸውም ወረቀቱን ቀድደው፣ አጥፈው፣ በቦርሳቸው ይዘውት ይዞራሉ። ሰው ሁሉ የልጁን ፎቶ ሲያሳይ እትዬ ዘነቡ ይቺን ስዕል ያሳያሉ።

"ገረመው፣ እነዚህ ሰዎች የተጣሉ መሰለኝ" አሉኝ በስልክ።

"የትኞቹ?"

"ሆስፒታሉና ኢንሹራንሱ። ደብዳቤ መጥቶልኛል።"

ወረድኩ። ደብዳቤው አራት ገጽ ነበር። እኔ የአንደኛውን ገጽ ግማሽ እንዳነበብኩ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ስለታየኝ ሌላው አላስፈለገኝም። ሆስፒታሉና ኢንሹራንሱ ለዓመታት ኮንትራት ነበራቸው፤ ኮንትራቱ አለቀ፤ እናድስ ተባብለው ተነጋገሩ፤ አልተስማሙም፤ ከማርች አንድ ጀምሮ ሆስፒታሉ ከኔትወርኩ፣ ኢንሹራንሱ ከሚከፍልላቸው ሆስፒታሎች መዝገብ፣ ይወጣል። ይኼ ምን ማለት ነው? አርባ ሁለት ጊዜ ያየሁት ነገር ነው። ፍቺ ነው።

"ሐኪሜስ? እሱም ሄደ?" አሉ እትዬ ዘነቡ።

ይኼን ደብዳቤው አይልም፤ ቢያንስ ያነበብኩት ግማሽ ገጽ አይልም። ኢንሹራንሱ ጋ ደወልኩ። ሙዚቃ ብቻ ለሦስት ሰዓት ያህል ካሰሙኝ በኋላ፣ እትዬ ዘነቡ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው ይላሉ፣ አንዲት ሴት መጣች። ሐኪሙ በኔትወርኩ ውስጥ እንዳለ ነገረችኝ። ደስ አለን። ሆስፒታሉ ግን የለም አለች። ታዲያ ሐኪሙ የት ነው ቀዶ ሕክምናውን የሚያደርገው አልኳት። "ሆስፒታሉ ውስጥ" አለች።

ስልኩን ዘግቼ ለእትዬ ዘነቡ እንደገባኝ አስረዳኋቸው። "የሐኪሙ እጅ ከእኛ ጋር ነው። የሚተኙበት አልጋ ግን ከእኛ ጋር አይደለም።"

"ማደንዘዣ የሚሰጠኝስ?"

"እሱ በየትኛው ወገን እንዳለ እስካሁን አልታወቀም።"

እትዬ ዘነቡ ስዕላቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው፣ መልሱ እዚያ ላይ ያለ ይመስል ለረጅም ጊዜ አዩት።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ምክር የሰጠሁት። ሁለት ቤት ተጣልቶ ሳለ ወደ አንዱ ቤት ሄዶ መተኛት ወገን መያዝ ነው አልኳቸው። ዛሬ ሆስፒታሉ ቢገቡ ኢንሹራንሱ ይቀየማል፤ ሌላ ሆስፒታል ቢሄዱ ሐኪሙ ይቀየማል። በመሀል ልባቸውን የሚከፍተው ሰው ቂም ይዞ ቢከፍት ምን ይበጃል? ስለዚህ ቀጠሮው ይነሳ፤ እኔ ሽማግሌ ይዤ ሄጄ ላስታርቃቸው፤ ከዚያ በኋላ በሁለቱም ወገን ተመርቀው ይገባሉ። ስናገር ለራሴም በጣም አሳመነኝ።

"ቢዘገይስ?" አሉ።

"እኔ የያዝኩት ጉዳይ ከሳምንት አልፎ አያውቅም።"

ወዲያው ለሆስፒታሉ ደወልኩ። ወንድማቸው ነኝ፣ የቤተሰቡ ኃላፊ ነኝ፣ የአካባቢው የሀገር ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ነኝ አልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ የእትዬ ዘነቡን የልደት ቀን ጠየቀችኝ። ጃንዋሪ አንድ አልኳት። ከእኛ ሰው ግማሹ በወረቀት የተወለደው ጃንዋሪ አንድ ነው፤ በዚያ ቀን ኦክላንድ ውስጥ ኬክ ቢታደል ለእኛ ብቻ አንድ ትሬለር አይበቃም። ዓመቱን ደግሞ ገመትኩ። ልጅቷ ትንሽ ስትጽፍ ተሰማኝ፤ "ኦኬ ሰር፣ እንከታተለዋለን" አለችና ዘጋች።

"ካንሰል አደረግኩት" አልኳቸው እትዬ ዘነቡን።

"እንግዲህ አንተ ካልክ" አሉ። ድምፃቸው ውስጥ አንድ ነገር ነበር፤ እኔ ግን ያኔ ስለ ሽማግሌዎቹ አለባበስ እያሰብኩ ነበር።

ሽምግልና በሁለት ሰው አይሆንም፤ ሦስት መሆን አለበት። ሦስተኛው ናዖድ ነበር፤ ካስትሮ ቫሊ ያለው፤ እሱ ግን ሺፍት የሚቀይርልኝ አጣሁ ብሎ ቀረ። ስለዚህ አርብ ዕለት፣ ማርች ስድስት፣ እኔና ጋሽ ኣንደማርያም ሆንን። ጋሽ ኣንደማርያም አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ ኦክላንድ ውስጥ ለሠላሳ ዓመት ሱቅ የነበራቸው ሰው ናቸው። ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው፣ ቫኑ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልንነሳ ስንል እትዬ ዘነቡ ሰባት ሰባት እርምጃ እየቆሙ መጡ።

"እትዬ፣ ባለጉዳይ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም" አልኳቸው።

"በራሴ ልብ ጉዳይ ቤት አልቀመጥም" አሉና ኋላ ገቡ።

ስምንት መቶ ሰማንያ ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ እንደወጣን ጋሽ ኣንደማርያም ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ማሰብ ጀመሩ። እሳቸው ሲያስቡ መኪናው ሁሉ ዝም ይላል።

"ገረመው፣ አንድ ነገር አልገባኝም" አሉ ሄይዋርድን ስናልፍ። "በዚህ ጠብ ውስጥ ዘነቡ ማን ናት? ባል አይደለችም። ሚስት አይደለችም።"

"ልጃቸው ናት ይበሉ።"

"እሺ። ወላጆች ሲፋቱ ልጁ ከማን ጋር እንደሚሆን ይጻፋል። የዘነቡ ነገር የት ተጽፏል?"

"እሱን ነው ደብዳቤው ያልጻፈው" አልኩ ያለ ምንም ማመንታት። ቀሪው ሦስት ገጽ ሳይነበብ ከፊታቸው ባለው የመኪናው መሳቢያ ውስጥ፣ ከጉልበታቸው አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነበር።

"በደሉ የማን እንደሆነስ አውቀሃል? ማን ማንን ፈታ ነው የሚባለው?"

"ደብዳቤው ሆስፒታሉ ነው ኢንሹራንሱን የፈታው ይላል። ኢንሹራንሱ ስልክ ላይ ደግሞ እኛ አልፈታንም አለ። የሆስፒታሉ ዌብሳይት ኢንሹራንሱ ነው እምቢ ያለው ይላል።"

"እንደማንኛውም ባልና ሚስት ነዋ" አሉ እትዬ ዘነቡ ከኋላ።

ኢንሹራንሱ ጋ የምንሄደው በኤንቨሎፑ ጥግ ላይ ባለው አድራሻ ነው። አድራሻ ያለበት ቦታ ላይ ሰው አለ፤ ሰው ካለ ትልቅ ሰው አለ፤ እኔ ይኼን ሳስብ ምንም ክፍተት አልታየኝም። ሳን ሆዜ ስንደርስ ሕንፃው መቶ ፎቅ ያህል ነበር። ጋሽ ኣንደማርያም ስድስት ነው ይላሉ። ሎቢው ውስጥ አንድ ጥበቃ ብቻውን ቆሟል። ደረቱ ላይ ያለውን ስም ሳነብ ጃብር ይላል፤ ፊቱን ሳይ ደግሞ የእኛው ሰው ነው።

ጋሽ ኣንደማርያም ኮፍያቸውን አውልቀው ሰላምታ ሰጡ። ጃብር ከጠረጴዛው ወጥቶ እጃቸውን ጨበጠ፤ ወንበር አሳየ። "ይቀመጡ አባት።"

"አንቀመጥም። ለጉዳይ ነው የመጣነው። መልስ ሳናገኝ መቀመጥ ደንብ አይደለም።"

ጃብር ደንቡን ያውቃል፤ ለእህቱ የመጡትን ሽማግሌዎች ሁለት ሰዓት ቆመው አይቷቸዋል። ግን እዚህ ሎቢ ውስጥ ለማን እንደቆምን ስላልገባው እኔን አየኝ። እኔም በዚህ ጉዳይ ያለኝን ልምድ ባጭሩ፣ ሃያ ደቂቃ ገደማ በሚሆን ጊዜ፣ አስረዳሁት። በመሀል እትዬ ዘነቡ ተቀመጡ።

"እኔ ሽማግሌ አይደለሁም" አሉ፤ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ።

"ማንን ነው ማናገር የምትፈልጉት?" አለ ጃብር።

"ትልቁን" አልኩ።

"ጋሼ፣ እዚህ በር ላይ ስቆም ስድስት ዓመቴ ነው። ትልቁን አይቼው አላውቅም። ትንሹንም እንኳ አሁን አሁን አላየውም፤ አብዛኛው ሰው ከቤቱ ነው የሚሠራው። ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ ሰው እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ። ሁሉም ነገር በስልክ ነው።" ከዚያ ወደ እትዬ ዘነቡ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እትዬ፣ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብባችሁታል?"

ሁላቸውም እኔን አዩ።

ጃብር ደብዳቤውን ከቫኑ አስመጣ። እያገላበጠ፣ "ካቻምና ባለቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ሆስፒታላችን እንዲሁ ከኔትወርክ ወጣብን" አለ። "ልንቀይር ስንሯሯጥ አንድ ሰው 'ጀምራችሁ ከሆነ እንድንጨርስ ይፈቀድልን ብላችሁ ጠይቁ' አለን። ጠየቅን። እዚያው ወለደች። ይኸውና፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ።"

ጣቱን ያሳረፈበትን ቦታ እኔው ራሴ አነበብኩላቸው። ኮንትራቱ ከማለቁ በፊት ቀዶ ሕክምና ተፈቅዶልዎት ከሆነ፣ ቀኑም ኮንትራቱ ካለቀ በኋላ ባሉት መቶ ሰማንያ ቀናት ውስጥ ከሆነ፣ እዚያው ሆስፒታል ውስጥ እንዲጨርሱ ሊጠይቁ ይችላሉ ይላል። ነፍሰ ጡርን ይላል፤ ከባድ ሕመም ይዞት በሕክምና መሀል ያለን ሰው ይላል። ለድንገተኛ አደጋ ደግሞ የትም ሆስፒታል ይግቡ ይላል።

ጋሽ ኣንደማርያም ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። "ልጁ ከማን ጋር እንደሚሆን ተጽፏል ማለት ነው።"

"ተጽፏል" አለ ጃብር። "ግን ዝም ብሎ አይመጣም። ጥያቄውን እሳቸው ናቸው ማቅረብ ያለባቸው።"

እትዬ ዘነቡ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔ በሐኪሜ ላይ አቤቱታ አላስገባም። ሰውየው ምን አደረገኝ?"

"አቤቱታ አይደለም እትዬ። ክስም አይደለም። 'የጀመርኩትን ልጨርስ' ነው።"

ይኼን ለማሳመን ከቀሪው ሁሉ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻ ጃብር በካርዳቸው ጀርባ ያለውን ቁጥር ደወለና ስፒከር ላይ አደረገው። የአማርኛ አስተርጓሚም ጠየቀ። እዚህ ላይ ቅር ተሰኘሁ፤ እኔ ቆሜ ሳለሁ አስተርጓሚ ምን ያደርጋል? ጃብር አራተኛውን ገጽ አሳየኝ። የዓለም ቋንቋ ሁሉ ተደርድሮ፣ በመሀሉ በአማርኛ፣ አስተርጓሚ በነፃ እንደሚገኝ ተጽፏል። ይኼ ገጽ ስንት ዓመት በእጄ አልፏል፤ አንድም ቀን ዓይኔ አላረፈበትም።

አስተርጓሚዋ መጣች። የኢንሹራንሱን ሴት ቃል "እኔ" እያለች ነው የምትናገረው። "እኔ ስሜ እንዲህ ነው፣ ዛሬ ምን ልርዳዎት?" ስትል እትዬ ዘነቡ ደነገጡ። "ኢንሹራንሱ ሀበሻ ነው እንዴ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"የቀዶ ሕክምናው ቀን መቼ ነው?" አለች አስተርጓሚዋ።

እትዬ ዘነቡ እኔን አላዩኝም። ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ይኼኔ ነው ነገሩ ቀስ እያለ የገባኝ። የጀመርኩትን ልጨርስ ብሎ መጠየቅ የሚችለው ቀን ያለው ሰው ነው። ቀን የነበራቸውን ሰው ቀን አልባ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

"ማርች አስራ ዘጠኝ ነበር" አሉ በመጨረሻ።

"ነበር? አሁን የለም ማለትዎ ነው?"

"ተሰረዘ።"

"ማን ሰረዘው?"

"እንዲሁ ተሰረዘ" አሉ እትዬ ዘነቡ። ከሰባት እርምጃ በላይ መሄድ የማይችሉ ሴትዮ እኔን ሊሸፍኑ ነው።

ብዙ ነገር ማለት እችል ነበር። በሂደት ላይ ነው ማለት እችል ነበር፤ አፌ ላይም መጥቶ ነበር።

"እኔ ነኝ የሰረዝኩት" አልኩ። "ደውዬ።"

"እርስዎ ማን ነዎት?"

"ጎረቤት።"

ጋሽ ኣንደማርያም እዚህ ላይ ተቀመጡ። ከደንቡ ውጭ ነው።

ሴትዮዋ ኮምፒውተሯን ስትነካካ ሰማን። በአስተርጓሚዋ አፍ፣ "እኔ ጋ ፈቃዱ አሁንም እንዳለ ነው፤ ቀኑ ግን ከሆስፒታሉ መረጋገጥ አለበት፤ ዛሬውኑ ቢደውሉ ጥሩ ነው" አለች። እትዬ ዘነቡ ስልካቸውን ከቦርሳቸው አወጡ። ያልተነሱ ጥሪዎች፣ አምስት፣ ሁሉም ከአንድ የኦክላንድ ቁጥር።

"ለምን አላነሱም?" አለ ጃብር።

"የማላውቀውን ቁጥር እንዳላነሳ ተነግሮኛል" አሉ። ማን እንደነገራቸው አልጨመሩም። አጭበርባሪ እንዳይበላቸው ብዬ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ በጣም አጥብቄ ነበር ያስተማርኩት።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ከአርባ ነበር፤ በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር። ወደዚያው ቁጥር ደወልን፤ ሆስፒታሉ ነበር። ያቺው ልጅ ነች ያነሳችው። የልደት ቀን ጠየቀች፤ እትዬ ዘነቡ "ኦገስት ሃያ ሁለት" ብለው ከነዓመቱ ተናገሩ። ልጅቷ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

ወንድማቸው ነኝ የሚል አንድ ሰው ደውሎ ነበር አለች። የልደት ቀናቸውን አያውቅም። ስሙም መረጃቸውን ሊያውቁ ከተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ ምንም ነገር አልሰረዘችም፤ ባለጉዳይዋን ራሷን ጠይቁ ብላ ማስታወሻ ጽፋ አምስት ጊዜ አስደወለች። ቦታውን እስከ ዛሬ አምስት ሰዓት ይዛላቸዋለች፤ ከዚያ በኋላ ለተረኛው ይሰጣል።

እኔ ራሴ የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። በዚህ ሀገር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንነቴን ስናገር አንድ ሰው ብቻ አላመነኝም፤ እትዬ ዘነቡም የዳኑት በዚያ አንድ ሰው ነው።

"እመጣለሁ" አሉ እትዬ ዘነቡ ለልጅቷ፣ ሌላ አስተርጓሚ ሳይጠብቁ፣ በራሳቸው እንግሊዝኛ። "ማርች አስራ ዘጠኝ። እኔ ራሴ ነኝ የምለው።"

ከዚያ ኢንሹራንሱ ጋ ተመልሰን ጥያቄውን አስገባን። አስቸኳይ ነው ተባለ። ረቡዕ ዕለት የመልሱ ደብዳቤ መጣ፤ ይኼም አራት ገጽ ነው፤ ተፈቅዷል ይላል። ቃል በቃል፣ አራቱንም ገጽ፣ የቋንቋዎቹንም ዝርዝር ጭምር አነበብኩት። እትዬ ዘነቡ በቃ እስኪሉኝ ድረስ።

ሆስፒታሉና ኢንሹራንሱ ሜይ ላይ ታረቁ ተባለ። እንዴት እንደታረቁና ማን እንዳስታረቃቸው አሁንም ግራ እንደገባኝ ነው። አርባ ሦስት ልል አስቤ ነበር፤ ጋሽ ኣንደማርያም ገና አፌን ሳልከፍት ጣታቸውን አነሱብኝ።

ማርች አስራ ዘጠኝ ጠዋት ሆስፒታሉ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። መመዝገቢያው ላይ ፎርም ሰጧቸው። ስለ ሕክምናቸው ሊነገረው የሚችል ሰው ማን ነው ይላል። እትዬ ዘነቡ መነጽራቸውን አድርገው፣ በትልልቅ ፊደል፣ ስሜን ጻፉ። ቀጥሎ ዝምድና የሚል ባዶ ቦታ አለ።

"ጎረቤት በሉ" አልኳቸው።

እሳቸው ግን ወንድም ብለው ጻፉ። ከዚያ እስክሪብቶውን ወደ እኔ ጠቆሙ።

"የተወለድኩት መቼ ነው?"

"ኦገስት ሃያ ሁለት።"

"ዓመቱስ?"

ተሳሳትኩ። በተሽከርካሪ ወንበር ሊወስዷቸው የመጣው ሰውዬ ቆሞ ጠበቀ። እትዬ ዘነቡ ትክክለኛውን ዓመት ነገሩኝና ቦርሳቸውን፣ ከነስዕሉ፣ ጭኔ ላይ አስቀመጡ።

"ድገመው" አሉኝ።